ከመቃብሩ በር ውጪ የተዘረጋ ማዕድ

ንጋሁያ ዎንግ እዚሁ ኦታኪ ጎመንና ሽንኩርት ስታለማ ነው ጠጉሯ የሸበተው። እናቷ ከአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ከማኦሪ ነበሩ፤ አባቷ ከቻይና መጥተው በዚሁ አፈር ላይ የቀሩ አትክልተኛ። አባቷ ሲሞቱ የእናቷ ወገኖች «የኛ ሰው ናቸው» ብለው በራሳቸው መቃብር፣ ከሚስታቸው ጎን ቀበሯቸው።

ቻይናዎች የሙታናቸውን መቃብር በሚጠርጉበት ወር የአባቷ እህት ላን ፎንግ ከዌሊንግተን መጣች። በቅርጫቷ ከነራሷ የተቀቀለች ዶሮ ይዛለች። የመቃብሩ ጠባቂ አያ ሬዊ በሩ ላይ ቆሙ።

«እርስዎ ይግቡ እትዬ፤ ዶሮዋ ግን አትገባም።»

«ምን አጠፋች?»

«ሙታን ካሉበት ምግብ አይገባም። ነውር ነው።»

«እኛ ዘንድ ነውሩ ሙት ማስራብ ነው!» አለችና ወደ ንጋሁያ ዞረች። «ስሚኝ ልጄ፣ ወንድሜ እዚህ ጦሙን የሚያድር ከሆነ አፅሙን አስወጥቼ እወስደዋለሁ።»

ንጋሁያ ደነገጠች። አባቷን ከእናቷ ጎን ማንሳት ሁለቱን ዳግም መግደል መሰላት።

«መጀመሪያ እንጥረግላቸው» አለች።

ቅርጫቱን መኪና ውስጥ ትተው ገቡ። ሣሩን ነቅለው፣ ድንጋዩን አጥበው ሲወጡ ላን ፎንግ ቅጠል የተዘፈዘፈበት የውሃ ጠርሙስ አውጥታ እጇን መታጠብ ጀመረች። አያ ሬዊም በሩ አጠገብ ካለው ቧንቧ እየታጠቡ ነበር።

«ይህን ማን አስተማረዎት?» አሉ።

«እናቴ ናት። ሞት ቤት ድረስ እንዳይከተለን።»

«የኔም እናት እንዲሁ ነበር የምትለው!»

ንጋሁያ ይህን ስትሰማ አንድ ነገር ብልጭ አለላት። በእናቷ ወገን እንግዳ ወደ መሰብሰቢያው ግቢ የሚገባው የሴት ድምፅ ሲጠራው ነው፤ ድምፁም የእንግዳውን ሙታን አብሮ ይጠራል።

«አያ፣ ምግቡ ወደ አባቴ ካልገባ፣ እሳቸው ወደ ምግቡ ቢወጡስ?»

ሽማግሌው ጺማቸውን አሻሹ። «ከበሩ ውጪ ከሆነማ ምን አገባኝ።»

ሣሩ ላይ ጨርቅ ተዘረጋ። ንጋሁያ ፊቷን ወደ መቃብሩ አዙራ፣ ድምፅዋን አርዝማ በእናቷ ቋንቋ አባቷን ጠራች። አክስቷ ቋንቋውን አታውቀውም፤ የወንድሟን ስም ግን ከመካከሉ ለየችው። ዓይኗን ጠርጋ ለእሱ መጠጥ መሬት ላይ አፈሰሰች፤ «ብላ፣ አንተ ሰነፍ» አለችው።

ከዚያ ሰዎቹ በሉ። አንደኛውን ጭን አያ ሬዊ ወሰዱ።

ላን ፎንግ አጥንት እየጋጠች ጠየቀች፦ «ከወንድሜ መቃብር በወዲያኛው ጎን ያለው ቦታ የማን ነው?»

«የማንም አይደል። ልትመጪ ነው እንዴ?» አሉ አያ ሬዊ፣ እርስዎ ማለቱን ረስተው። «ዶሮሽን ግን ውጪ ትተሽ ነው የምትገቢው።»