ክምር ውስጥ የተቀበረው ወገብ

ሻለቃ አንድም ቀን ወታደር ሆነው አያውቁም። ማዕረጉን የሰጧቸው የኮምፖስት ፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው፤ ምክንያቱም ሻለቃ ሎደራቸው ላይ ከተቀመጡ ከታች ያለውን ፍጡር ሁሉ፣ ሥራ አስኪያጁን ጨምሮ፣ ያዝዙ ነበር። ከተማው የተረፈውን፣ የተላጠውንና የበሰበሰውን ሁሉ ወደዚያ ግቢ ይልካል። ሻለቃ በሎደሩ አካፋ እየዛቁ በረጃጅም ክምር ይደረድሩታል፤ ሲግል ይገለብጡታል፤ ሲበስል ወደ ወንፊቱ ያደርሱታል። ሰው የጣለውን አፈር አድርጎ መመለስ ከማናቸውም ሹመት እንደሚበልጥ ያምናሉ፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቃቸው ይናገራሉ።

ነገር ግን አንድ የሚደብቁት ጉድ ነበራቸው። የሎደሩ ወንበር ለዓመታት ሲያንገጫግጫቸው ኖሮ ወገባቸው ከዳቸው። ጎንበስ ማለት አይችሉም፤ መዞርም አይችሉም። ሎደሩን ወደ ኋላ ሲነዱ የሚነዱት በግምት ነው። ጠዋት ጠዋት ካልሲ የሚያጠልቁላቸው ባለቤታቸው ናቸው። እኚህ ሴት እዚያው ፋብሪካ፣ በማሽኑ ቤልት ላይ ከሚያልፈው ቆሻሻ ፌስታልና ጠርሙስ ይለቅማሉ፤ ምላሳቸው ከሚለቅሙት የጠርሙስ ስባሪ ይበልጥ ይቆርጣል።

«ለሐኪም ተናገር እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ሐኪሙማ ከሎደር አውርዱት ነው የሚለው።»

«ታዲያ ውረዳ! መሬት ላይ የሚሄደው ሕዝብ ሁሉ ምን ጎደለበት?»

«ሎደር ላይ ስላልወጣ የጎደለበትን አያውቅም።»

ሻለቃ ለመውረድ ሳይሆን ለመዳን ቆረጡ። ክምሩ በስሎ ትኩሳቱ ሲበርድ ለብ ያለ ገላ መታጠቢያ ይመስላል፤ ሽታውም ዝናብ የነካው አፈር ነው። በብርድ ወራት ሠራተኛው ሁሉ እጁን ይከትበታል። ሻለቃ ግን ሙሉ ሰውነታቸውን ከተቱ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከመጨረሻው ክምር ጀርባ ይጋደማሉ፤ ባለቤታቸውም በአካፋ እስከ አንገታቸው ያለብሷቸዋል።

«ባሌን ቀብሬ ምሳዬን ልብላ» ይላሉ ሴትዮዋ፤ ከዚያም እንደ ሌሎቹ ለቃሚ ሴቶች ከቆመው ሎደር ኋላ፣ ጥላው ሥር ይቀመጣሉ።

አንድ ቀን ሻለቃ እንደ ልማዳቸው ተቀብረው ሳለ፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይታሰቡ የመጡ እንግዶችን እየመራ ከክምሩ ወዲያ በኩል ደረሰ። ጎልማሳው ሥራ አስኪያጅ እንግዳ ሲያይ ድምፁ የሚወፍር ሰው ነበር።

«ይህ ክምር በስሏል» አለና ክንድ የሚያህለውን የቴርሞሜትር ዘንግ ሰካው። ዘንጉ የሻለቃን ጭን አገኘ። ሻለቃ ከንፈራቸውን ነከሱ።

«ለማረጋገጥ ያህል አንድ ጊዜ እንድገም።»

ሁለተኛው ያረፈው መቀመጫቸው ላይ ነበር።

«በሕግ አምላክ!» አለ ክምሩ።

አንዲት እንግዳ የሥራ አስኪያጁን ክራቫት ጨምድዳ ያዘች። ሁሉም ዞረው ቢያዩ፣ ሄልሜት ያጠለቀ ራስ ከአፈሩ ላይ አፍጥጦባቸዋል።

ሥራ አስኪያጁ ውሸት የማያጣ ሰው ነው። «አዲሱ የጥራት ቁጥጥር ዘዴያችን ይኸው!» አለ። «ልምድ ያለው ሠራተኛ የክምሩን ብስለት በገላው ይመረምራል።»

«ምን ይሰማዎታል?» ስትል እንግዳዋ ጠየቀች።

«ሙቀቱስ ደህና ነው፤ ብረቱ በዛ እንጂ።»

እንግዶቹ ተደነቁ። ሎደሩንም የሚነዱት እርሳቸው መሆናቸውን ሲሰሙ «እባክዎ፣ ነድተው ያሳዩን» አሉ። ባለቤታቸው ጩኸቱን ሰምተው በአካፋቸው ደርሰው ነበርና፣ ቆፍረው አወጧቸው። ሻለቃ አፈራቸውን እያራገፉ ወደ ሎደሩ ሄዱ። ከወጡ ወንበሩ የእርሳቸው ነው፤ ካልወጡ አበቃ። መወጣጫውን በሁለት እጃቸው ጨበጡና ጥርሳቸውን ነክሰው አንድ እግራቸውን አነሡ።

«ወደ ኋላ ነው የምትነዳው?» አሉ ባለቤታቸው በለሆሳስ። «እንግዲያው ሴቶቹን ከጥላው ላስነሣቸው።»

ይህን ብለው ወደ ሎደሩ ኋላ ተመለከቱ። ሻለቃ ግን አንገታቸውን ለማዞር ሞከሩ፤ አልዞረም። ሳቁ ይሰማቸዋል፤ የሳህኑ ኳኳታ ይሰማቸዋል፤ የሚታያቸው ግን ማንም የለም። ሌላ ቀን ወደ ኋላ ሲነዱም ያው ነበር። ነዳጅ የለም ብሎ መገላገል ይቻል ነበር፤ ውሸቱ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሷል።

«ሻለቃ፣ አያዋርዱኝ» ሲል ሥራ አስኪያጁ አንሾካሾከ።

እግራቸውን መሬት ላይ መለሱ። «አልነዳም። ወገቤ አይዞርም። ከኋላዬ ሰው ይኑር አይኑር ሳላይ ስነዳ ከርሜአለሁ።»

ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለሥራ አስኪያጁ ሰጡ። ባለቤታቸውም እጃቸውን ይዘው ወደ ሐኪም ወሰዷቸው።

ሐኪሙ የተፈራውን አዘዘ፤ ሻለቃም በር ላይ ቆመው የሚገባውን ጭነት እንዲመረምሩ ተመደቡ። ይህም ሹመት ነው ብሎ የነገራቸው አልነበረም፤ ራሳቸው ደረሱበት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የሆቴል መኪና መጣ።

«ምንድን ነው የጫንኸው?»

«የወጥ ቤት ትርፍ ነዋ፣ ሻለቃ።»

ሻለቃ በከዘራቸው አንድ የሚያንጠባጥብ ነገር አንጠለጠሉ። «ይህ ትራስ በየትኛው ድስት ተሠራ?»

«ትንሽ ነገር ነው፤ ይለፉኝ።»

«መልስ! ለይተህ ና!»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። «ከሎደር አወረዷቸው ሲሉኝ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር መሰለዎት!»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ሎደሩ ይመለስላቸው እያልኩ ፊርማ ላሰባስብ ነው።»