የማክሰኞ እናቴ

ባለፈው ሰሞን ዕቃ ስናስተካክል ከመሳቢያው ጥግ አንዲት ግራጫ የጎማ ኳስ ተንከባልላ ወለሉ ላይ ዱብ አለች። ባለቤቴ አነሳትና “ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?” አለኝ። እኔ ገና ስትወድቅ በድምፅዋ አውቄያታለሁ። የድሮ ማውዝ ሆድ ውስጥ የምትሽከረከረው ኳስ ናት። አንቺማ፣ ልጄ፣ የስልክ መስታወት በጣትሽ ስትዳብሺ ነው ያደግሽው። በእኛ ጊዜ ማውዝ ጭራ ነበረው፣ ሆዱ ውስጥ ኳስ ነበረው፤ ኳሱ ላይ ደግሞ የክፍሉ ልጅ ሁሉ የእጅ እድፍ ይጠመጠምበታል። ወንዶቹ ኳሱን እየሰረቁ መምህሯን ያሳብዷት ነበር። በመዳፌ ጨበጥ ሳደርጋት፣ ይገርምሻል፣ ያ የድሮ ቅናት ትኩስ እንደሆነ መጣብኝ።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። እስራኤል አገር፣ ሽኩና ቤት በሚባለው ሰፈር ያለው ትምህርት ቤታችን አንድ ክፍል ለኮምፒውተር ለቀቀ። የቤርሼባ ፀሐይ ውጭ ድንጋዩን ሲጠብስ፣ እዚያ ውስጥ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ማዝጋኑ ቀዝቃዛ አየር እየነፈሰ፣ ክፍሉ በስክሪኖቹ ብርሃን ሰማያዊ ይሆናል። የጋለ አቧራና የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ነበረው። ታዲያ አንድ ቀን መምህሯ ማክሰኞ ከሰዓት የወላጅና የልጅ ኮርስ እንደሚጀመር ነገረችን። “አንድ ወላጅ፣ አንድ ልጅ፣ አንድ ማኽሼቭ” አለች፣ ኮምፒውተር ማለቷ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ማኽሼቩ ጆሮዬ ውስጥም አልገባ። የገባው “አንድ ወላጅ፣ አንድ ልጅ” የሚለው ነው። እኛ ቤት ስድስት ልጆች ነበርን። እናቴ ቀኑን ሙሉ ራሞት ሰፈር አንዲት አሮጊት ስትንከባከብ ትውላለች፤ ማታ ስትገባ አንዱ ይታቀፋታል፣ አንዱ ያለቅስባታል፣ አንዷ ትኩሳት ይዟት ትጠብቃታለች። እናቴን ለብቻዬ አግኝቻት አላውቅም። ስለዚህ ለመንኳት። “እኔ ደግሞ ለማኽሼቭ ምን እሆናለሁ፣ የኔ ዓለም?” አለች። ለመንኳት፣ አኮረፍኩ፣ እንደገና ለመንኳት። በመጨረሻ ከሥራዋ አስፈቀደች።

የመጀመሪያው ማክሰኞ የሰንበት ቀሚሷን ለብሳ መጣች። እጇ ግን በረኪና በረኪና ይሸታል። መምህሯ ባጠገባችን ባለፈች ቁጥር እናቴ ብድግ ትላለች፤ መምህሯ “ሽቪ፣ ሽቪ” እያለች ታስቀምጣታለች። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቷል፣ የሚጠራት የለም፣ የሚያለቅስ የለም።

ምን ያደርጋል! ከጎናችን ከሩሲያ የመጣች የክፍሌ ልጅ ብቻዋን ተቀምጣለች። ፀጉሯ የበቆሎ ፀጉር የመሰለ፣ ዝምተኛ። እናቴ አንዴ አየቻት፣ ደግማ አየቻት።

“የዚች ልጅ እናት የት አለች?”

“ባዓቮዳ” አልኳት። ሥራ ላይ ናት ማለቴ ነው። ያን ጊዜ እናቴ በአማርኛ ትጠይቀኛለች፣ እኔ በዕብራይስጥ እመልስላታለሁ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንዲያ ነበር።

“ውይ! ልጅ ብቻዋን ተቀምጣ እያየሁ?” አለችና ወንበሯን ስባ በሁለታችን መሀል ገባች። የወንበሩ እግር ወለሉን ሲፍቅ አሁንም ይሰማኛል። በአንድ ጊዜ ግማሽ እናት ቀረችልኝ።

ግማሽም አልቀረችልኝ። እናቴ የማውዙን ቀስት ስክሪኑ ላይ ስታጣው እኔ “ትኒ ሊ፣ ኢማ”፣ ስጪኝ እማዬ፣ እልና ማውዙን ተቀብዬ ቶሎ እጨርሰዋለሁ። ያቺ ግን የእናቴን እጅ ማውዙ ላይ ታስቀምጥና ትጠብቃለች። “ለአት፣ ለአት” ትላታለች፣ ቀስ በይ እያለች። ሁለቱም ዕብራይስጣቸው ስብርብር ያለ ነው፤ አንዷ ስትሳሳት ሌላዋ ትስቃለች። እናቴ ስትስቅ! እንዲያ ያለ ሳቅ ቤታችን ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ጭራሽ አማርኛ አስተማረቻት። እናቴ ሳትሳሳት ስትቀር ልጅቷ “ጎቤዝ!” ትላለች፤ እናቴ ደግሞ “እሰይ፣ የኔ ልጅ!” ትላታለች። የኔ ልጅ! ክፍሉ ውስጥ መብላት ክልክል ነው፤ እናቴ ግን በጠረጴዛው ሥር ቆሎ ትዘግንላታለች፣ መጀመሪያ ለእሷ፣ ከዚያ ለእኔ። “እንግዳ ናት” ትለኛለች። አሁን ስነግርሽ ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ቅናት አንጀቴን ይበላው ነበር።

ታላቅ እህቴ ነገሩን ስትሰማ ጊዜ አላጠፋችም። “የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ የኛዋ ደግሞ ቢጫ ጨመረችበት!” ብላ ቤቱን ሁሉ አሳቀችብኝ።

የመጨረሻው ማክሰኞ ስዕል ስለን እንድናትም ተባልን። እኔ ቤት ሳልኩ፣ ዛፍ ሳልኩ፣ መስመሩን ቀጥ አድርጌ። እናቴ አየችልኝና “ጥሩ ነው” ብላ ዞረች። ከልጅቷ ጋር አንዲት ዶሮ ሳለች። አንገቷ የተንጋደደ፣ እግሯ የሚንቀጠቀጥ፣ ግን ዶሮ። ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ መምህሯ ከፍ አድርጋ ይዛ “ኮል ሃካቮድ!” አለች፣ ጎሽ እንደ ማለት ነው፤ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጅቷ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ ዓይን ዓይኗን አየቻት። “ውሰጂው” አለቻት እናቴ፣ ግንባሯንም ሳመቻት። እናቴ በሕይወቷ የሳለችው ስዕል ያ ብቻ ነው። የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወደ ቤት ስንሄድ ከኋላዋ እከተላለሁ። ከየብሎኩ በረንዳ የታጠበ ልብስ ሽታ ይመጣል። እናቴ ስለዚያች ልጅ ታወራለች፤ “ምስኪን፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!” እያለች። በዚህ ጊዜ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

“ለምን ሰጠሻት? አንቺ የኔ እናት ነሽ! የሷ አይደለሽም! ዶሮዋም የኔ ነበረች!”

በአማርኛ ነበር የጮኽኩት። እናቴ ዞረች። በጥፊ የምትለኝ መስሎኝ ፊቴን ከለልኩ። እሷ ግን ዘንቢሏን የእግረኛው መንገድ ላይ አስቀመጠች።

“እስኪ ድገሚው” አለችኝ።

“የኔ እናት ነሽ።”

“ስንት ዘመንሽ እንዲህ በአማርኛ ካናገርሽኝ! ቤት ውስጥ እኮ የምትይው ግማሹ አይገባኝም፣ ልጄ። እሺ፣ እሺ ብዬ ነው የማልፈው። ከዚያች ልጅ ጋር ዕብራይስጡን እኩል ስለማናውቅ ነው የምንስቀው።”

እያለቀስኩ፣ አማርኛው ከየት እንደሚመጣልኝ ሳላውቀው፣ ያንገበገበኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። እናቴ የአጥር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ሰማችኝ። አንዴም አላቋረጠችኝ፣ አንዴም ተሳሳትሽ አላለችኝ። ስጨርስ እንባዬን በዚያ በረኪና በሚሸት እጇ ጠረገችና፦

“ሌላስ?” አለችኝ።

ሌላ አልነበረኝም። እየፈጠርኩ ቀጠልኩ።