ዶክተሯን ልታስቀር የነበረችው ማመልከቻዬ

በነጌሌ ቦረና ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፤ ተፈልጎ የሚጠበቀው ግን እኔ ነኝ። ለጉራ አይደለም፤ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። ሌሎቹ ሲያዛጉ እኔ ዘንድ ሰልፍ አለ። ከወደራም ከዱብሉቅም የሚመጣው ሰው ከአውቶቡስ ሲወርድ የሚጠይቀው እኔን ነው። ትምህርቴ የቆመው አራተኛ ክፍል ላይ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ከጦሩ ግምጃ ቤት ጸሐፊነት ተሰናብቼ አንድ የጽሕፈት መኪና ገዛሁ፤ እንግሊዝኛን ደግሞ በመዝገበ ቃላትና በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ በሚገኙ ወረቀቶች ለብቻዬ ተማርኩ። ዲግሪ የያዙ ሰዎች ደብዳቤያቸውን አምጥተው ያሳርሙኛል።

በከተማችን ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት ወጣት ሐኪም ነበረች። እናቷ ከጉራጌ አገር መጥተው ገበያው መሃል ጨርቅ የሚሸጡ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ያደገች የእኛው ልጅ ናት። አስቸጋሪ ፈተናዎችን አልፋ፣ አሜሪካ ያለ ሆስፒታል የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን እንድትሠለጥን ተቀበላት። አንድ ቀን እናቷ መጡና፣

"ልጄ ቪዛ፣ ቪዛ ትላለች። ጋሼ፣ አንቱ የማያውቁት ነገር የለም፤ ምንድን ነው ነገሩ?" አሉኝ።

አላውቅም ማለት አልለመደብኝም። "ነገ እነግርዎታለሁ" አልኩና ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ስለ ሐኪሞች ቪዛ የተጻፈውን ሁሉ አሳተምኩ። መዝገበ ቃላቴን ይዤ ዘጠኝ ቀን አነበብኩ። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ጄ ዋን የሚሉት የሥልጠና ቪዛ ነው፤ ሥልጠናው ሲያልቅ ሁለት ዓመት አገር ቤት ተመልሶ መቀመጥን ያስገድዳል፤ የሐኪሙ መንግሥትም "ይህ ሙያ ያስፈልገናል" የሚል ደብዳቤ መስጠት አለበት። ሁለተኛው ኤች ዋን ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ ነው፤ የመመለስ ግዴታ የለበትም፤ ነገር ግን ከአሜሪካ የሐኪምነት ፈተናዎች ሦስተኛውን አስቀድሞ ማለፍ ያስፈልጋል፣ ቀጣሪው ሆስፒታልም ራሱ ማመልከት አለበት። ዶክተሯን የተቀበላት ሆስፒታል የሚያስተናግደው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር።

ይህን ሳስረዳት ሳቀች። "ጋሼ፣ እኔ ዓመት የፈጀሁበትን በሳምንት ጨረሱት!"

"ሳምንት ከሁለት ቀን" አልኳት፤ ሐቅ ሐቅ ነው።

የመንግሥትን ደብዳቤ ከጤና ሚኒስቴር ለማውጣት አዲስ አበባ ልትሄድ ስትነሣ፣ የከተማው ሽማግሌዎች የድጋፍ ማመልከቻ ካልታከለበት ፋይሉ ባዶ ነው አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔው ነኝ ያልኩት። የማመልከቻ ሥራ ምስጢሩ አንባቢውን ማሳዘን ነውና እንደ ልማዴ አሳዘንኩ። "ይህች ልጅ ባትኖር ሕፃናታችን በማን እጅ ይወድቁ ነበር" ብዬ ጀመርኩ፤ ሌሊት ከአልጋዋ ተጠርታ ያዳነቻቸውን ልጆች ዘረዘርኩ፤ "እሷ የሌለችበት ቀን ለእኛ ጨለማ ነው" ብዬ ጨረስኩ። ሦስት ገጽ ሞላ። ስምንት ሽማግሌዎች በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ዶክተሯ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር አሽጋ ይዛው ሄደች።

ማክሰኞ ስልኬ ጮኸ።

"ጋሼ! ምን ብለው ነው የጻፉት?" አለች ዶክተሯ። "ኃላፊው አንብበው እንባ አቀረሩ፤ ከዚያ ፋይሉን ዘጉት። 'እንዲህ የሚወድሽን ሕዝብ ጥለሽ ሂጂ ብዬ አልፈርምም' አሉኝ። ደብዳቤው እስከ አርብ ካልደረሰ ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጡታል!"

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሲቀጥል ግን ላብ አጠመቀኝ፤ ልጅቷን ያስቀረኋት እኔው ነኝ።

ወዲያው ሌላ ወረቀት አወጣሁ። ልማዴን ትቼ፣ ያለ እንባ፣ እንዲህ አልኩ፦ ከተማችን የሕፃናት ስፔሻሊስት የላትም፤ ይህች ልጅ ተምራ እንድትመጣልን ስለምንፈልግ እንድትሄድ እንለምናለን። ይኸው ነው። ሽማግሌዎቹን እንደገና ሰበሰብኩ። ሰባቱ ፈረሙ። ስምንተኛው፣ ግመል ነጋዴው የቦረና ሽማግሌ፣ አውራ ጣቱን ጨብጦ ያዘ።

"ባለፈው ያለ እሷ አንኖርም አልክ፤ ፈረምኩ። ዛሬ ትሂድ ትላለህ። ጣቴን ውሸታም ልታደርገው ነው?"

"ያኔ የጻፍኩት ስለ ፍቅራችን ነው፤ ዛሬ የምጽፈው ስለ ጥቅማችን።"

"አፍህን አውቀዋለሁ። ልጅቷን በስልክ አምጣት።"

ደወልኩለት። "አካም፣ ናጋ? ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ትመለሻለሽ ወይ?" አላት።

"ናጋ፣ አባቴ! ሕጉም ያስገድደኛል፤ ባያስገድደኝስ እናቴ እዚያው ገበያ መሃል ናት፣ ወዴት እጠፋለሁ?"

ሽማግሌው እኔን እያየ ሳቀ። "ካንተ ሦስት ገጽ ይህ ይሻላል" አለና ጣቱን ቀለም ውስጥ ነከረ።

ፎቶ አንስተን በቴሌግራም ላክን። ኃላፊው ሐሙስ ፈረሙ፤ ቪዛውም ወጣ፤ ዶክተሯ ሥልጠናዋን ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች።

እንግዲህ በዚህ ጉዳይ የሠራሁትን ላስቀምጥ፦

ሁለቱን ቪዛዎች ያለ አስተማሪ ለይቼ አወቅሁ።

ፊቴን አይተው የማያውቁ ባለሥልጣን አስለቀስኩ፤ በሁለት ቀን ውስጥም ሐሳባቸውን አስቀየርኩ።

በሕይወቴ አጭሩን ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ስድስት መስመር።

አንድ የቡሌ ሆራ ሐኪም ሦስተኛውን ፈተና ማለፉን ሲነግረኝ "እንግዲያስ የሥራ ቪዛ የሚሰጥ ሆስፒታል ፈልግ" አልኩት፤ ፈለገ፣ አገኘም።

የዶክተሯን እናት "ልጄ ጄ ዋን ናት" ብለው ለደንበኛ ሁሉ እንዲያስረዱ አበቃሁ፤ ሲያስረዱም አይሳሳቱም።