አቧራ የማይወደው ዕቃ

ሃርጌሳ ከጦርነቱ ፍርስራሽ ላይ ገና እየተሠራች ሳለ፣ እኔ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ዕቃ ተረካቢ ነበርኩ። አንድ ቀን ስለ ዝናብ ከሳተላይት መረጃ የሚቀበል መሣሪያ በአውሮፕላን ደረሰን። አብሮት የመጣው ፈረንጅ ኢንጂነር "እንዳይነቃነቅ፣ አቧራም እንዳይነካው" ስላለን፣ ከአየር ማረፊያው እስከ ከተማ በጭነት መኪና ስናዘግም አህዮች እየቀደሙን አለፉ።

የቢሯችን መስኮቶች በመስታወት ፋንታ ላስቲክ የተወጠረባቸው ስለነበሩ፣ የመሣሪያውን ሳጥን እዚያ መክፈት አልተቻለም። በሰፈሩ ውስጥ አቧራ የማይገባበት ክፍል ያላት አንዲት ሙሽራ የምታስውብ የሐረር ሴት ብቻ ነበረች። ለምኛት እሺ አለች፤ ግን መጀመሪያ ሁላችንንም እግራችንን አስታጠበችን። ኢንጂነሩ ነጭ ጋዋንና ነጭ ቆብ አድርጎ ሲገባ ባየችው ጊዜ፣

"ማሻአላህ! ሙሽራው እሱ ነው እንዴ?" አለችኝ። አልተረጎምኩለትም።

ሳጥኑን ቀስ ብለን ከፈትነው። መሣሪያው የተጠቀለለበት ስፖንጅ ግን አርጅቶ ኖሮ፣ ኢንጂነሩ ሲያነሣው ተፈረፈረና ቢጫ ብናኝ ቡን ብሎ የተሰቀሉትን የሙሽራ ቀሚሶች አለበሳቸው።

"ወላሂ፣ የእኛ አገር አቧራ እንኳ ሳይፈቀድለት አይገባም!" ብላ መጥረጊያውን ለኢንጂነሩ አስጨበጠችው። እሱም ጎንበስ ብሎ ጠረገ።

መሣሪያው ምንም አልሆነም። በሳምንቱ ጣሪያችን ላይ ተተክሎ የመጀመሪያውን መረጃ ተቀበለ፤ ዝናብ የለም ይላል። ኢንጂነሩ በደስታ አቀፈኝ። ዝናብ እንደሌለማ ከተማው ሁሉ ሽቅብ ሰማዩን እያየ ሲያወራው እንደከረመ ልነግረው አልጨከንኩም።