በሁለት ስም የተቀበሩት ሴት

ልጅ እያለሁ የቤታችን ደረጃ ሰም ሰም ይሸት ነበር። አዲስ አበባ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ የእንጨት በረንዳ ካለው ቤት ላይኛው ፎቅ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ከደረጃው ሥር ደግሞ፣ ጎንበስ ካላሉ በማይገባባት ጓዳ፣ ጧፍ እየሠሩ የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ ይኖሩ ነበር። እማማ ጧፍ ነበር የምንላቸው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ጥለን እሳቸው ጋ እንወርዳለን። እኛ ክሩን ጭናችን ላይ እያሸን እንገምዳለን፤ እሳቸው የሞቀ ሰም ውስጥ እየነከሩ ያወጡታል። የተጣመመ ሲያገኙ «ይሄኛው ደግሞ ጠጥቶ ነው የመጣው» ይሉና ለብቻው ያስቀምጡታል። እኛ በሳቅ እንሞታለን።

አንድ ክረምት ታመሙና ሳይነሡ ቀሩ። የሰፈራችን እድር አባል የሚቆጥረው በቤት ነበር። ተከራዮች በየክፍላችን ተመዝግበናል። ደረጃ ሥር ግን ክፍል አይባልም ተብሎ፣ እማማ ጧፍ በቤቱ ባለቤት በአቶ ደምሴ ስም ነበር የሚታቀፉት። ስለዚህ ጡሩምባ ነፊው ከእሪ በከንቱ ሰፈር በኩል ሽቅብ እየመጡ «ከአቶ ደምሴ ግቢ አንዲት ሴት አርፈዋልና ለቀብር ውጡ» እያሉ ሲጣሩ ሰማን። እናቴ ነጠላዋን በአንድ ትከሻዋ እንዳንጠለጠለች ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት።

«አባባ፣ እስቲ ይቁሙ። ሴትዮዋ ስም የላቸውም?»

ጡሩምባ ነፊው ጡሩምባቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ የነገሩኝን ነው የምጮኸው፣ ልጄ። ስማቸውን ንገሪኝና እሱን እጮኻለሁ።»

እናቴም አታውቀውም። ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች፤ እነሱም ወደ መሬት አዩ። ያን ያህል ዓመት አንድ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ኖረን ስማቸውን የሚያውቅ ጠፋ። ይሄኔ ከመንገዱ ማዶ የሱቁን መስኮት ይከፍት የነበረው ባለሱቁ ጋሽ ሸምሱ አንገቱን አወጣ።

«ዘነበች ናቸው። ዘነበች ወልዴ። የእናንተን ጧፍ ሠሪ እኔ ሙስሊሙ ላስተዋውቃችሁ?»

«አንተማ ክር ስትሸጥላቸው ኖረህ» አለችው እናቴ፣ እፍረቷን በቁጣ ልትሸፍን።

«ክር የምሸጥለት ሰው መች አነሰኝ። ጠይቄያቸው ነው እንጂ።»

ጡሩምባው እንደገና ተነፋ፤ «ወይዘሮ ዘነበች ወልዴ አርፈዋል» ተባለ። ወይዘሮ ተብለው ሲጠሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሰማሁ። አቶ ደምሴ በረንዳው ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የቀብር መዝገብ የሚይዙት ቄስ፣ የንስሐ አባታቸው የነገሯቸውን የክርስትና ስም «ወለተ ሐና» ብለው ጻፉና መዝገቡን ሊያጥፉ ሲሉ፣ እናቴ እጇን ገጹ ላይ አደረገች። ቄሱ ደነገጡ።

«ዘነበች ወልዴ የሚለውም ይጨመር፣ አባቴ።»

«ልማዳችን አይደለም። እግዚአብሔር የሚያውቃቸው በክርስትና ስማቸው ነው።»

«እግዚአብሔርማ ሳይጻፍለትም ያውቃቸዋል። የሚጻፈው ለእኛ ነው፤ እኛ ነን ያላወቅናቸው።»

ቄሱ ብዕራቸውን መልሰው ነከሩ። እናቴ ጽሑፉ እስኪደርቅ ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።

ዛሬ ያ ሰፈር አብዛኛው ፈርሷል። የእንጨት በረንዳው ቤት ግን በቅርስነት ይጠበቃል ተብሎ ቀርቷል። የቤተ ክርስቲያኑም መቃብሮች እየተስተካከሉ ነው፤ ዘመድ ያልመጣላቸው ሙታን አፅም ባንድ ላይ ይሰበሰባል ተባለ። ታዲያ በቀደም የአቶ ደምሴ የልጅ ልጅ የድሮ ተከራዮቻቸውን ሲፈልግ አድራሻዬን አጠያይቆ ያለሁበት ኮንዶሚኒየም ድረስ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«እማማ፣ የአያቴን መቃብር አጣሁት። ሐውልቱ ወድቋል። መዝገቡን ብናገላብጠው ደምሴ የሚባል የለም።»

«አይኖርም። የሚጻፈው የክርስትና ስም ነው።»

«እሱን ደግሞ ከቤታችን የሚያውቅ ሰው አልቀረም። መዝገቡ ላይ በዓለም ስማቸው ተጽፈው ያገኘናቸው ዘነበች የሚባሉ ሴትዮ ብቻ ናቸው። ማን ናቸው?»

አልዋሽም፤ ለአፍታ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ግን የልጁን ዓይን አየሁ። የአያቱ አፅም ከማን ጋር እንደሚቀላቀል ሳያውቅ ሊቀር ነው። በየዓመቱ የአቶ ደምሴ መታሰቢያ ሲደረግ ድንኳን ውስጥ ቄሱ ሲጠሩት እሰማ የነበረው ስም ከአእምሮዬ አልጠፋም። ኃይለ ጊዮርጊስ ነው አልኩት። በምላሹ ምንም አልጠየቅኩም፤ የሰው ስም መደራደሪያ አይደለም። እናቴ ለዘነበች የጠየቀችው ለአቶ ደምሴም ይገባል። ስሙን ስልኩ ላይ ጽፎ ሲጨርስ ግን ነገሬን ቀጠልኩ።

«አሁን ደግሞ ስለ ቤቱ። ግድግዳው ላይ የአያትህን ስም የያዘ የቅርስ ሰሌዳ ስታስለጥፉ፣ ደረጃ ሥር የኖሩትንም አብራችሁ ጻፉ።»

«ደረጃ ሥር ሰው ይኖር ነበር እንዴ?»

ነገርኩት። ይጻፋል አለኝ። አራተኛ ክፍል ባቆምም ማንበብ አያቅተኝም፤ ሄጄ አየዋለሁ። ካልተጻፈም ሄጄ እጠይቃለሁ።

ልጁ ከሄደ በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ አሰብኩ። ያኔ ቢያንስ የሰው ስም ሳናውቅ ስንቀር እናፍር ነበር። አሁን በየፎቁ በር ዘግተን እንኖራለን፤ ጎረቤት ሲሞት ስሙን የምናነበው መግቢያው ላይ ከሚለጠፈው ወረቀት ነው። እኔም ሰው ላይ ስፈርድ ቆይቼ፣ ፊት ለፊቴ የምትኖረዋን ሴት «የማዶዋ» ነው የምላት። ተነሣሁና በሯን አንኳኳሁ። ሕፃን ታቅፋ ከፈተችልኝ።

«ደኅና ነዎት እማማ? ምን ጎደለዎት?»

«ምንም አልጎደለኝም ልጄ፤ ስምሽን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።