ጣቷን የላሰችው ሠራተኛ

አስተማሪሽ «ደራሲው የሴትዮዋን ጠባይ በምን አሳየ?» ብሎ ከጠየቀሽ ለምን ትጨነቂያለሽ? እኔን ጠይቂኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይሄን ግን አውቀዋለሁ። እኔው ላይ ነው የተሠራው።

በደርግ ጊዜ ጉርድ ሾላ አንድ ደራሲ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ለልጆች ነበር የሚጽፈው። ዝምተኛ ሰው ነው፣ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያየኛል ብቻ፤ በግ ተራ ሄደሽ ጥርሱንና ላቱን እንደምታዪው፣ በቀስታ።

ስኳር ያኔ ከቀበሌ ሱቅ ነው፣ ተሰልፈሽ። አንድ ቀን ወደ ጣሳው ስገለብጠው ጥቂት ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰብኝ። እህል መጣል ኃጢአት ነው ብላ ነው እናቴ ያሳደገችኝ፤ በጣቴ እየነካሁ ላስኩት። ቀና ስል በሩ ላይ ነው። ፈገግ አለ። እኔም ሞኟ ፈገግ አልኩለት።

መጽሐፉ የወጣ ጊዜ ትንሿ ልጁ ወጥ ቤት ድረስ ይዛው መጣች፣ በሳቅ እየፈረሰች።

«አንቺ ነሽ እኮ! ስሚ፣ ስሚ!»

እናቷ ስለሞተችባት ሕፃን ነው የሚያወራው። ቤታቸው ሠራተኛ አለች። ሕፃኗ ስኳሬ ጎደለ ብላ ታለቅሳለች። ወዲያው ቀጥሎ «ሠራተኛዋ ጣቷን ላሰች» ይላል። አለቀ። ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳል።

ሌባ ናት የሚል ቃል የለበትም። ቢልማ ኖሮ ውሸት ነው ብዬ እሟገት ነበር። ጣቴን መላሴ እውነት ነው። የልጅቷን ለቅሶ ከፊቱ አስቀደመና ሌባ አደረገኝ። ገባሽ? አነጋገሬንም ወስዶታል። የካራ ገበሬ ልጅ ነኝ፣ አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው፤ ያኔ «እሷ መጣ» እል ነበር። ልጆች እንዲስቁ ብሎ እንዳለ አስቀመጠው።

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከሰው ቤት ልወጣ ነበር። የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ይፈልጋል ተብሎ ተመዝግቤያለሁ። ልጄ፣ ያንቺ እናት፣ ገና ጡት መጣሏ ነው፤ ደራሲው ቤት ከነልጅሽ አይቻልም ስላሉኝ ካራ እናቴ ጋ ትቻታለሁ። ሞግዚት ከሆንኩ ግን ይዣት እውላለሁ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

የተጠራሁ ቀን ግቢው ውስጥ ልጆቹ ከበቡኝ። አስተማሪያቸው መጽሐፉን አንብባላቸው ኖሯል፤ የማን ቤት ሠራተኛ እንደሆንኩ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«እሷ መጣ! እሷ መጣ! ስኳር ደብቁ!» ጣታቸውን እየላሱ።

ሞግዚት የምትቀጥረው የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ኮስተር አለች።

«እህቴ፣ እኛ እንኳ አላመንነውም። ግን የሕፃናት ወተትና ስኳር ነው የምናስረክብሽ፣ የወላጅ አፍ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ደራሲው ራሳቸው መጥተው እሷ አይደለችም ይበሉንና እንይልሽ።»

ሮጬ ተመለስኩ። ከሚስቱ ጋር ምሳ ላይ ነበር። እግሩ ላይ ወደቅኩ።

«ጋሼ፣ እሷ አይደለችም ብለው ይንገሩልኝ። ልጄን ላመጣት ነው።»

«አንቺ ነሽ ማን አለሽ? የሴትዮዋ ስም እኮ ሌላ ነው» አለ።

«ወይ ጉድ!» አለች ሚስትየው። «ስለ አንቺ ደግሞ መጽሐፍ ሊጻፍ! ማን ነኝ ብለሽ ነው?»

እንባዬ መጣ። በእጅጌዬ ልጠርገው ስል ቀና ብዬ አየሁት። መብላቱን ትቷል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየኛል።

«እስኪ ድገሚው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ልጄን ካልሽ በኋላ እንዴት ነበር ያልሽው?»

እንባዬን ዋጥኩት። ተነሥቼ እጃቸውን አስታጠብኳቸው።

ቀበሌ አልሄደልኝም። ቦታውን ሌላ ሴት ወሰደችው። እኔም ከዚያ ቤት ወጥቼ እንጦጦ እንጨት ለቀማ ገባሁ፣ ጀርባዬ እስኪጎብጥ። የጫካው ጥበቃ ሲይዘን ሸክሙን ቀምቶ በገመዳችን ይገርፈን ነበር። በዚያ ኑሮ ልጅ አይመጣም። እናትሽ ካራ አደገች። «እማዬ» የምትለው እናቴን ነው፤ እኔ በዓል ሲሆን ከረሜላ ይዤ ስሄድ «እትዬ መጣች» ብላ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ትሸጎጣለች።

አምና እናትሽን ስንቀብራት ያላለቀስኩትን አይተሻል። ለቀስተኛው ዞሮ ዞሮ ፊቴን ያያል፤ ሰው ሲያየኝ ደግሞ እንባዬ ይደርቅብኛል፣ ከዚያ ምሳ ወዲህ እንዲህ ነኝ። ድንኳኑ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠችው ጎረቤታችን ለጓደኛዋ፣ «ድሮስ መች አሳደገቻትና» አለቻት። ሰምቻለሁ። አልዞርኩም። እውነቷን ነው፣ አላሳደግኳትም።