ያልተፈረመበት ደብዳቤ

ዶና ፌሊዝቤላ በእኛ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሃምሳ አንድ ዓመት ኖረዋል። እኔ ምድር ቤት ነኝ። ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ የሰው ሕንፃ ደረጃ ማጠብ ከጀመርኩበት ጊዜ አንስቶ የማውቃቸው ጎረቤቶች ወይ ሞተዋል ወይ ሰፈሩን ለቀዋል፤ እሳቸው ግን ነበሩ። ሥራቸው ስፌት ነው። ያለቀ ኮሌታ ፈትተው፣ ገልብጠው መልሰው ሲሰፉት ሸሚዙ አዲስ ይመስላል። ሰኔ ሲቃረብ ደግሞ በበዓሉ ማታ እየጨፈሩ ለሚያልፉት የአልፋማ ሰፈር ሰልፈኞች ቀሚስ ይሰፋሉ። ባላቸው ከሞቱ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ የላቸውም።

የቤት ኪራያቸው በድሮው ውል በወር ዘጠና አንድ ዩሮ ነበር። ይህን ለሰው አይናገሩም። አጠገባችን ያለችው አንዲት ጠባብ ክፍል በሰባት መቶ እየተከራየች ዘጠና አንድ ብሎ ማውራት፣ በረሃብ ዘመን ጎተራን ከፍቶ እንደማሳየት ነው። ጡረታቸው አራት መቶ አይሞላም።

ባለፈው የካቲት ሕንፃው ተሸጠ። ገዢውን ያየው የለም። ሁለት ወጣቶች መጥተው ግድግዳውን ለኩና «ደህና ዋሉ» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ ቆሞ የሚያወራ ሰው ጠፋ።

በሰፈራችን አንድ እምነት አለ፤ ከማን እንደወረስነው አላውቅም። ተፈርሞ የሚወሰድ የአደራ ደብዳቤ፣ ካልፈረምክበት አልደረሰህም ይባላል። ካልደረሰህ ደግሞ ማንም ምንም አያደርግህም። እናቴ የግብር ወረቀት በመጣ ቁጥር አልጋ ሥር ትገባ ነበር፤ አንድም ቀን አልታሰረችም። አዲሱ ባለቤት ኪራይ የሚጨምር ደብዳቤ መላኩ አይቀርም ብዬ፣ እኔም ለዶና ፌሊዝቤላ ያንኑ ነገርኳቸው። «እርስዎ አይክፈቱ፤ ፖስተኛውን ለእኔ ይተዉት» አልኳቸው።

መጋቢት ላይ ፖስተኛው አደሊኖ መጣ፤ ሐኪም ቤት ናቸው ብዬ መለስኩት። በግንቦት መጀመሪያ እንደገና መጣ።

«ኢዳሊና! ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ አሉ?»

«የሉም፤ እህታቸው ጋ ሄደዋል።»

«እህት አላቸው እንዴ?»

«ሰው እህት አይኖረውም?»

«አንቺ ሴት፣ ገነት በር ላይ ቢያቆሙሽ ጴጥሮስንም የለም ብለሽ ትመልሺዋለሽ።»

«ጴጥሮስ የአደራ ደብዳቤ አያመጣም።»

ሳቀና ደብዳቤ እንደመጣ የምትገልጸውን ወረቀት በበሩ ሥር አስገብቶ ሄደ። እኔም ሳቅሁ። ላይ ቤት ግን ሳቅ አልነበረም። በእኛ መንገድ መስኮት ላይ ልብስ ከተሰጣ ባለቤቱ ቤት እንዳለ ይታወቃል። ስለዚህ ዶና ፌሊዝቤላ ልብስ ውጭ ማስጣት ተዉ። ክፍላቸው ውስጥ ገመድ ወጥረው፣ እርጥብ አንሶላ ሥር ጎንበስ እያሉ ይኖሩ ጀመር። ግድግዳው ሻገተ፤ ሳል ያዛቸው። ሳሉ ሲመጣባቸው ፊታቸውን ትራስ ውስጥ ይቀብሩታል። የስፌት መኪናው ድምፅ መንገድ ድረስ ይሰማል ብለው በእጅ መስፋት ጀመሩ፤ የመስኮቱን መዝጊያ ትንሽ ገርበብ አድርገው፣ በዚያች ስንጥቅ ብርሃን።

በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ዳቦና ሾርባ ይዤላቸው እወጣለሁ። ሦስት ጊዜ በጥፍሬ ካላንኳኳሁ አይከፍቱም።

«መጥቷል?»

«አልመጣም፣ ዶና ፌሊዝቤላ።»

«ታዲያ ጠዋት ደረጃው ላይ ያስነጠሰው ማን ነው?»

«የሁለተኛ ፎቁ ሰውዬ ነው።»

«እሱ እንደዚያ አያስነጥስም» አሉኝ። ሃምሳ አንድ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው የጎረቤቱን ማስነጠስ ያውቃል። ለካ ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ነበር የሚውሉት።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ከማጥብባቸው ሕንፃዎች በአንዱ አንዲት ጠበቃ ደረጃው ላይ ሰላም አለችኝ። ሁልጊዜ ሰላም ትለኛለች። ያን ቀን ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ መወልወያዬን እንደያዝኩ የአንዲት ጎረቤቴን ነገር ላማክርሽ አልኳት። ስነግራት ቁልፏን በሩ ላይ ሰክታ ቆመች።

«ደብዳቤው ሁለት ጊዜ መጥቷል?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሴትዮዋ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ሰባ ስምንት።»

«እህቴ፣ እንደ እሳቸው ላሉት የወጣ ሕግ እኮ አለ! ዕድሜዬ ይህን ያህል ነው፣ ገቢዬ ይህን ያህል ነው ብለው አንድ ወረቀት ቢመልሱ ማንም አይነካቸውም ነበር። ዝም ካሉ ግን በአዲሱ ኪራይ እንደተስማሙ ነው የሚቆጠረው። ሁለተኛው የመጣው መቼ ነው?»

በጣቴ ቆጠርኩ። እሷም ቆጠረች። መመለሻው ጊዜ ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።

ባልዲዬን እዚያው ጥዬ ወጣሁ። ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም፤ ሦስተኛው ፎቅ ስደርስ ግን በሩን ማንኳኳት አቃተኝ። እጄን አንስቼ ቆምኩ። ከውስጥ ሳላቸው ይሰማኛል፣ ከዚያ ጸጥ አሉ። ትንፋሼን ሰምተው ኖሯል። እኔ ከውጭ እሳቸውን ፈርቼ፣ እሳቸው ከውስጥ እኔን ፈርተው፣ በአንድ ሳንቃ በር ግራና ቀኝ ቆምን።

በመጨረሻ አንኳኳሁ፤ ነገርኳቸው። አንሶላው መሃል ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ካልተፈረመበት አይቆጠርም ያለው ማን ነው?»

«ሁሉም ሰው።»

«አንቺ ነሽ ያልሽኝ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩ። «ባትይኝም አልከፍትም ነበር፤ ፈርቼ ነበር» አሉ። እውነታቸውን ይሁን ለእኔ አዝነው እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጠየቅኋቸውም።

ጠበቃዋ ሳንቲም ሳትቀበል ደብዳቤ ጻፈችላቸው። መልሱ ሦስት መስመር ነበር፦ አዲሱ ኪራይ ስድስት መቶ አርባ ነው፣ ጊዜው አልፏል፣ እናመሰግናለን። ለቀብራቸው ካስቀመጡት እያወጡ ሐምሌንና ነሐሴን ከፈሉ። መስከረም ላይ የወንድማቸው ልጅ ናርሲዞ መጥቶ ከወንዙ ማዶ ወደ ባሬይሮ ወሰዳቸው። የሰጣቸው ክፍል ከአልጋና ከወንበር ሌላ የስፌት መኪና አይዝም።

እሁድ እሁድ በጀልባ ተሻግሬ አያቸዋለሁ። ባለፈው እሁድ ሾርባ እየጠጡ ሳለ የበሩ ደወል ጮኸ። ማንኪያውን ድምፅ ሳያሰሙ አስቀመጡና እጄን ያዙኝ።

«የለችም በያቸው» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ዶና ፌሊዝቤላ፣ ይህ እኮ የናርሲዞ ቤት ነው።»

«የለችም በይ!»

ናርሲዞ ከፈተ። የጋዝ ሲሊንደር ያመጣ ሰው ነበር። ባዶውን ተሸክሞ ደረጃውን ጨርሶ እስኪወርድ ድረስ ጣቶቻቸው ከእጄ አልተላቀቁም። ከዚያ ለቀቁኝና ማንኪያውን አነሱ። ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር፤ ላሙቅልዎት ብላቸው ጋዝ ይጨርሳል ብለው እንደዚያው ጠጡት።